በአንጎል ወባ የሚመጣ የልጆች መንዘፍዘፍ

በአንጎል ወባ የሚመጣ የልጆች መንዘፍዘፍ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ አንጎልን ሲያጠቃ በሕፃናትና በልጆች ላይ የሚታይ ድንገተኛ የአንጎል የኤሌክትሪክ መዛባት ነው። ልጁ ራሱን ይስታል፣ እጅና እግሩ ይገታተራል ወይም በተደጋጋሚ ይወራጫል፣ ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ይዞራል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። በምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች በአንጎል ወባ ከተኙት ልጆች ከ10 ውስጥ 8 ያህሉ ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት መንዘፍዘፍ ደርሶባቸዋል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ከተኙ በኋላ ይደገማል።

መንዘፍዘፉ ሲረዝም አንጎልን ይጎዳል፣ ትንፋሽን ያውካል፤ ስለዚህ ቶሎ መቆም አለበት። የሚያስቆሙት መድኃኒቶች ግን እነሱ ራሳቸው ትንፋሽን የሚያዳክሙ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ያከራከረው ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ነው፤ መንዘፍዘፉ ሳይመጣ አስቀድሞ መድኃኒት መስጠት ይሻላል ወይስ ሲመጣ ብቻ ማስቆም? እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመ አንድ የኬንያ ጥናት ለጥያቄው ብዙዎች ያልጠበቁትን መልስ ሰጥቷል።

ስያሜው

በአማርኛ «አንቀጠቀጠው» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻል። አንደኛው የወባ ብርድ ነው፤ በሽተኛው ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ብርድ ልብስ እየደረበ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ግን ይሰማል፣ ሲጠሩት ይመልሳል። ሁለተኛው ራስን ስቶ መንዘፍዘፍ ነው። ይህ ልዩነት በምርመራ ክፍል ውስጥ ዋጋ አለው። እናት «ሌሊት አንቀጠቀጠው» ስትል የመጀመሪያውን ማለቷ ከሆነ ልጁ ቀላል ወባ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ማለቷ ከሆነ ግን የአደጋ ምልክት ነው። ስለዚህ ጠያቂው «ሲያንቀጠቅጠው ይሰማሽ ነበር? ዓይኑስ ወዴት ነበር?» ብሎ ማጣራት ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ «መንቀጥቀጥ» ለወባው ብርድ፣ «መንዘፍዘፍ» ለአንጎሉ ችግር ያገለግላሉ።

የአንጎል ወባ በሕክምና ቋንቋ ሴሬብራል ማላሪያ ይባላል። በተለምዶ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» የሚባለውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለያ ጥብቅ ነው፦ በደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ የተገኘበት፣ መንዘፍዘፉ ከቆመ ከ1 ሰዓት በኋላም ያልነቃ፣ ራሱን ለመሳቱ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ልጅ የአንጎል ወባ አለበት ይባላል። ሰዓቱ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ልጅ ካንዘፈዘፈው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደንዝዞ ይተኛልና፣ ያ ድንዛዜ ከእውነተኛው ራስን መሳት እንዲለይ ነው።

በጉራጌ አካባቢ

የጉራጌ ምድር ወባን በከፍታ ይከፋፍላታል። በምዕራብ በኩል የግቤና የዋቤ ወንዞች ሸለቆዎች፣ እንዲሁም በወልቂጤ ዙሪያ ያለው የአበሽጌ ወረዳ ዝቅተኛ ቦታዎች ወባማ ናቸው። ወልቂጤ ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ወደ ደጋው ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ አረቅጥ እንሰት፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ላይ ያለች በመሆኗ ትንኟ በዚያ ወባን ማዛመት አትችልም። በኢትዮጵያ በተለምዶ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ከወባ ነፃ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሞቃትና ዝናባማ በሆኑ ዓመታት ግን ወባ ከዚያም በላይ ትወጣለች።

በምሥራቅ በኩል በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ጥናት ከተመረመሩት ሰዎች ከ1 በመቶ በታች በሆኑት ላይ ብቻ የወባ ተውሳክ አግኝቷል። ከተገኘውም አብዛኛው ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ነበር። የአንጎል ወባን በዋናነት የሚያመጣው ፋልሲፓረም ስለሆነ ይህ ለአካባቢው መልካም ዜና ይመስላል፤ በከፊልም ነው።

ችግሩ የመከላከል አቅም ላይ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበረታባቸው የአፍሪካ አገሮች ሰው በተደጋጋሚ እየታመመ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ ስለዚህ ከባድ ወባ በብዛት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥርጭቱ ወቅታዊና ያልተረጋጋ በመሆኑ ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎችም የአንጎል ወባ ይይዛቸዋል። በደጋ ያደገ ልጅ ደግሞ ምንም የመከላከል አቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ የሚገመተው በዚሁ ምክንያት ነው። በቅርቡም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል።

እንደ አረቅጥ ባለ ከተማ ወባ የሚመጣው ከሰው ጋር ተጉዞ ነው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የጉራጌ ሕዝብ ከየሀገሩ ተሰባስቦ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚገባበት የመስቀል በዓል ደግሞ መስከረም 17 ይውላል። በቆላ ከተማ ወይም በግቤ ዳር የተነደፈ ልጅ ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ አያቱ ቤት ደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ያንዘፈዘፈው ልጅ በደጋ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ማጅራት ገትር ወይም ተራ የትኩሳት መንዘፍዘፍ ቢሆን አያስገርምም። «በዚህ ወር ውስጥ ከየት መጣችሁ?» የሚለው አጭር ጥያቄ እዚህ ላይ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ለምን ያንዘፈዝፋል

በፋልሲፓረም የተያዘ ቀይ የደም ሕዋስ በላዩ ላይ ተጣባቂ ፕሮቲን ያወጣል። በዚህም ምክንያት ከደም ጋር መዞሩን ትቶ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአንጎል ውስጥ ይህ ሲሆን የደም ዝውውሩ ይታወካል፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ይጎዳል፣ ፈሳሽ ወደ አንጎል ይሰርጋል። በማላዊ ብላንታየር በኤም አር አይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የእብጠቱን ክብደት አሳይቷል። ከሞቱት 25 ልጆች በ21ዱ አንጎላቸው እጅግ አብጦ ተገኝቷል፤ ከተረፉት 143 ልጆች ግን እንዲህ ያበጠባቸው 39 ነበሩ። ያበጠው አንጎል ትንፋሽን የሚያዝዘውን የአንጎል ግንድ ሲጫን ልጁ መተንፈስ ያቆማል። ይህን ማስታወስ ወደ ኋላ ስለ መድኃኒቶቹ የሚነገረውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ሌሎች መንስኤዎችም አብረው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የደም ስኳር መውረድ ነው። የታመመ ልጅ አይበላም፣ ጉበቱ ያከማቸው ስኳር ቶሎ ያልቃል፣ ተውሳኩም ስኳር ይበላል፤ ቀድሞ በስፋት ይሰጥ የነበረው ኩዊኒን ደግሞ ራሱ ስኳር ያወርዳል። የደም ጨው ማነስም መንዘፍዘፍን ያግዛል።

ትኩሳት አንድ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። በወባ ምክንያት ከሚከሰቱት መንዘፍዘፎች ብዙዎቹ የልጁ የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ በታች በሆነበት ሰዓት እንደሚመጡ በኬንያ ታይቷል። «ትኩሳቱ ሲበርድ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ስለዚህ አስተማማኝ አይደለም።

እንዴት ይታወቃል

ጎልቶ የሚታየውን መንዘፍዘፍ ማንም ያውቀዋል። አስቸጋሪው ድብቁ ነው። ራሱን የሳተ ልጅ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ አንጎሉ እየተንዘፈዘፈ ሊሆን ይችላል። የዓይን ቆብ ወይም የአፍ ጥግ መርገብገብ፣ የአንድ ጣት መንቀጥቀጥ፣ ዓይን ወደ አንድ ወገን መሰደድ፣ የምራቅ መብዛት፣ ያልተስተካከለ አተነፋፈስ፣ ይህን ሁሉ በቅርበት ያላየ ሰው ያልፈዋል። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢ ኢ ጂ ያላቸው ሆስፒታሎች በኢትዮጵያ ጥቂት በመሆናቸው ዋናው መሣሪያ የነርሷ ዓይን ነው።

የራስ መሳቱን መጠን ለመለካት በልጆች ላይ የሚሠራበት የብላንታየር መለኪያ ነው። መለኪያውን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማልኮልም ሞሊኑና ቴሪ ቴይለር ከባልደረቦቻቸው ጋር በማላዊ ያዘጋጁት ሲሆን፣ ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃንን ለመመዘን እንዲያመች ተደርጎ የተሠራ ነው። ሕመም ሲሰማው እጁን ወደ ታመመበት ቦታ ከወሰደ 2፣ እጁን ብቻ ከሸሸ 1፣ ምንም ካላደረገ 0፤ በደንብ ካለቀሰ 2፣ ካቃሰተ 1፣ ዝም ካለ 0፤ ዓይኑ የእናቱን ፊት ከተከተለ 1፣ ካልተከተለ 0 ያገኛል። ድምሩ ከ5 ሆኖ 2 እና ከዚያ በታች ያገኘ ልጅ ራሱን እንደሳተ ይቆጠራል።

ወባ መሆኑ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። በጤና ኬላ የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ በአብዛኛው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ራሱን ለሳተ ልጅ «ነጻ ነው» የሚል ውጤት በማይክሮስኮፕ መደገም አለበት። ማጅራት ገትርን ለመለየት ከአከርካሪ ፈሳሽ ይወሰዳል፤ መውሰድ ካልተቻለም ሴፍትሪያክሶንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ከወባው መድኃኒት ጋር አብሮ ይጀመራል።

በቤትና በመንገድ ላይ

ልጅ ሲያንዘፈዝፈው ቤተሰብ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተለመደው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት ነው፤ ቁልፍ ወይም ሌላ ብረት ማስጨበጥም አለ። መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚቆም፣ ክብሪቱ ወይም ቁልፉ ያስቆመው ይመስላል። ጭሱ ግን መተንፈስ ለተቸገረ ልጅ ተጨማሪ ሸክም ነው። ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፤ ውኃ ወይም መድኃኒት በአፍ ማፍሰስ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል።

የሚጠቅመው ነገር ቀላል ነው። ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ማላላት፣ ምራቁንና ትውከቱን ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ሰዓት ማየት። ከተቻለ በስልክ መቅረጽም ይረዳል፤ ሐኪሙ በኋላ የሚጠይቀው ስንት ደቂቃ እንደቆየና ከየትኛው ወገን እንደጀመረ ነውና። ከ5 ደቂቃ በላይ የዘለቀ መንዘፍዘፍ በራሱ የመቆም ዕድሉ ይቀንሳል።

ልጁ ራሱን ስቶ ከሆነና ሕክምና እስኪደርስ ጊዜ ካለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሁለት ጠብታ ውኃ አርሶ ከምላሱ ሥር ማድረግ ይቻላል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በደም ሥር ስኳር መስጠት በማይቻልበት ቦታ የሚመክረው ዘዴ ነው፤ በየ10 እና 20 ደቂቃው ይደገማል። ልጁ እያንዘፈዘፈው ባለበት ቅጽበት ግን ምንም ነገር አፍ ውስጥ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቁሟል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንዘፍዘፍን ከአጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች አንዱ አድርጋ እንድታይ ሠልጥናለች፤ ሌሎቹ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስና መደንዘዝ ወይም ራስን መሳት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ልጁ ሪፈር ይባላል። ከመላኩ በፊት ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል። ይህ መንገድ መግዣ እንጂ ሕክምናው አይደለም። በኮንጎ፣ በናይጄሪያና በኡጋንዳ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ መድኃኒቱ ተሰጥቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል ካልደረሰና ሕክምናውን ካልጨረሰ ሞት እንደማይቀንስ አሳይቷል። በጉመርና በአካባቢው ተራሮች ለሚኖር ቤተሰብ የአምቡላንሱ መምጣትና የመንገዱ መበላሸት ከሕክምናው ተለይተው የሚታዩ ነገሮች አይደሉም።

በጤና ተቋም

በአካባቢው ከባድ ሕሙማን ልጆች ከሚላኩባቸው ተቋማት መካከል እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተውና ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የካቶሊክ አጣጥ ሆስፒታል፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የቡታጅራ ሆስፒታል ይገኙበታል።

ልጁ እያንዘፈዘፈው ከደረሰ የመጀመሪያው ሥራ መድኃኒት አይደለም። የአየር መተላለፊያው ይጸዳል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ከጣቱ ወይም ከተረከዙ ደም ተወስዶ ስኳሩ ይለካል። ስኳሩ ዝቅ ካለ ወይም መለኪያ ከሌለ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት በብዛት የሚገኘው 40 በመቶው ግሉኮስ ስለሆነ፣ አንድ እጅ ግሉኮስ በሦስት እጅ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ተበርዞ ነው የሚሰጠው። በስኳር ማነስ የመጣን መንዘፍዘፍ ዳያዜፓም አያክመውም፤ ስኳር ያክመዋል።

ከዚያ ዳያዜፓም ይከተላል። በደም ሥር ሲሰጥ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ሆኖ ቀስ ተብሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገፋል። የደም ሥር ካልተገኘ በፊንጢጣ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ለዚህ ልዩ ዝግጅት አያስፈልግም። የተለመደው የመርፌ ዳያዜፓም በትንሽ ስሪንጅ ተቀድቶ፣ መርፌው ተነቅሎ፣ ስሪንጁ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይገፋል፤ ከዚያ መድኃኒቱ እንዳይወጣ መቀመጫው ለጥቂት ደቂቃ ተጣብቆ ይያዛል። ካላቆመ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ይደገማል።

ሦስተኛ ዳያዜፓም አይሰጥም። ይህ ቁጥር በሥራ ላይ በቀላሉ የሚረሳ ነው፤ አንዱ ጤና ኬላ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ አምቡላንስ ውስጥ ከተሰጠ ሆስፒታል የደረሰው ልጅ የሚወስደው አራተኛውን ሊሆን ይችላል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና ሰዓቱ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ያልቆመ መንዘፍዘፍ ወደ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ያሻግራል። የዓለም ጤና ድርጅት የከባድ ወባ መመሪያ ፌኖባርቢታልን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ፌኒቶይንን በኪሎ 18 ሚሊ ግራም ይጠቅሳል። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ በጡንቻ ይወጋል፣ በኢትዮጵያም ለሚጥል በሽታ ዋናው መድኃኒት በመሆኑ በብዙ ቦታ ይገኛል። ፌኒቶይን በዝግታ በደም ሥር መሰጠትና የልብ ክትትል ማግኘት አለበት። ከሁለቱ አንዱን ከዳያዜፓም በኋላ የሚሰጥ ባለሙያ አጠገቡ የሕፃን አምቡ ባግና ጭንብል ማዘጋጀት፣ ትንፋሹንም በየደቂቃው መቁጠር ይጠበቅበታል።

የኪሊፊው ጥናት

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረው አስተሳሰብ ቀጥተኛ ነበር። መንዘፍዘፍ ያለበት ልጅ ይበልጥ ይጎዳል፤ ፌኖባርቢታል መንዘፍዘፍን ይከላከላል፤ ስለዚህ ለአንጎል ወባ ልጆች ሁሉ ገና ሲገቡ ፌኖባርቢታል መስጠት ይጠቅማቸዋል። ሐሳቡ በመመሪያዎችም ውስጥ ገብቶ ነበር። አነስተኛ መጠን ግን ብዙም አልሠራም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ መጠን መሞከር ተገቢ መሰለ።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኪሊፊ የጄን ክሮሊ ቡድን የአንጎል ወባ ያለባቸውን 340 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ፌኖባርቢታል አንድ ጊዜ በጡንቻ ተወጉ፤ ለቀሩት መድኃኒት የሌለው መርፌ ተሰጠ። የትኛው ልጅ የትኛውን እንዳገኘ ያከሙት ሰዎች አያውቁም ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በላንሴት መጽሔት ታተመ።

መድኃኒቱ የተባለለትን አደረገ። 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያንዘፈዘፋቸው በፌኖባርቢታሉ ወገን 11 በመቶ፣ በሌላው ወገን 27 በመቶ ነበሩ። የሞቱት ግን በፌኖባርቢታሉ ወገን 30 ልጆች (18 በመቶ)፣ በሌላው ወገን 14 ልጆች (8 በመቶ) ሆኑ። መንዘፍዘፉ ከግማሽ በታች ሲወርድ ሞቱ በእጥፍ ጨመረ። ከፌኖባርቢታል በተጨማሪ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ዳያዜፓም በወሰዱት ላይ የሞት አደጋው እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ይህም ሁለቱ መድኃኒቶች ተደራርበው ትንፋሽን ማቆማቸውን ያመለክታል።

ጥናቱ ብዙ ጊዜ «ፌኖባርቢታል ገዳይ ነው» ተብሎ ይጠቀሳል። ይህ አጠቃቀሱ ልክ አይደለም። የተፈተነው ጥያቄ ገና ላላንዘፈዘፈው ልጅ ጭምር፣ የመተንፈሻ ማሽን በሌለበት ክፍል፣ በከፍተኛ መጠን መስጠት ነው። ትንፋሹን የሚረከብ ቬንቲሌተር ባለበት ክፍል ተመሳሳዩ መጠን ሌላ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የአንጎል ወባ ልጆች አብዛኛዎቹ የሚታከሙት ማሽኑ በሌለበት ቦታ ስለሆነ፣ ውጤቱ በትክክል የሚመለከተው እንደ ጉራጌ ያሉ አካባቢዎችን ነው። ከዚያ ወዲህ መንዘፍዘፍን ለመከላከል ብሎ አስቀድሞ መስጠት አይመከርም፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም የሚለው መጠንም ከማስጠንቀቂያ ጋር ይጠቀሳል።

ሌሎች መድኃኒቶች

ትንፋሽን የማያዳክም መድኃኒት ፍለጋው ቀጥሏል። እዚያው ኪሊፊ ራሳቸውን በሳቱ ልጆች ላይ የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ፎስፌኒቶይን መንዘፍዘፍን አልቀነሰም። ማላዊ ውስጥ በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ሌቪቲራሴታም ተሞክሯል፤ ይህ መድኃኒት ትንፋሽን የማይጫን በመሆኑ ተስፋ ይጣልበታል፣ ሆኖም የተፈተነው በጥቂት ልጆች ላይ ነው።

በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል 330 ልጆች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በጉንጭ ውስጥ የሚደረግ ሚዳዞላምን በፊንጢጣ ከሚሰጥ ዳያዜፓም ጋር አወዳድሯል። ሚዳዞላም ሳያስቆም የቀረው በ30 በመቶ፣ ዳያዜፓም ሳያስቆም የቀረው በ43 በመቶ ልጆች ላይ ነበር። ወባ ያለባቸው ልጆች ለብቻቸው ሲታዩ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። ለጉንጭ መድኃኒት ልጁን ማራቆት አያስፈልግም፤ በአምቡላንስ ውስጥ ወይም ትልቅ ልጅ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በማላዊና በዛምቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ተጣምረው፣ ትኩሳት እስኪወጣ ሳይጠበቅ በሰዓት ሲሰጡ መንዘፍዘፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አይቡፕሮፌን በተጎዳ ኩላሊት ላይ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ነገሩ ገና በክትትል ላይ ነው።

ተውሳኩን ማጥፋት

መንዘፍዘፉን ማስቆም ጊዜ ይሰጣል፤ በሽታውን የሚያክመው አርቴሱኔት ነው። በደም ሥር ወይም በጡንቻ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ሲገቡ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየቀኑ ይሰጣል። ልጁ ነቅቶ መዋጥ ሲችል የሚዋጠው የወባ መድኃኒት ሙሉ ዙር ይከተላል።

በ9 የአፍሪካ አገሮች 5,425 ልጆች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት አርቴሱኔትን ከኩዊኒን አወዳድሯል። በአርቴሱኔት 8.5 በመቶ፣ በኩዊኒን 10.9 በመቶ ልጆች ሞተዋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሁለተኛ ውጤት ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይቀራል፦ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ያንዘፈዘፋቸው በአርቴሱኔት 8.3 በመቶ፣ በኩዊኒን 10.1 በመቶ ነበሩ። ማለትም ከዳያዜፓም በፊት የሚሠራው ጥሩ የወባ መድኃኒት ራሱ ነው።

ከዳኑ በኋላ

ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ፣ እናቱን ሲያውቅና ሲበላ ቤተሰቡ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። በብላንታየር ከአንጎል ወባ የተረፉ 132 ልጆች ራሳቸውን ካልሳቱ 264 ልጆች ጋር ተነጻጽረው ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከተረፉት ውስጥ 12ቱ የሚጥል በሽታ ያዛቸው፤ ከሌላው ወገን አንድም አልነበረም። ከ12ቱ 11ዱ በሕመማቸው ጊዜ ያንዘፈዘፋቸው ነበሩ። በሌሎች ላይ የእንቅስቃሴ፣ የንግግርና የባሕርይ ችግሮች ታይተዋል። እነዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ሁልጊዜ አይታዩም፤ አንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው የሚታወቀው።

ለጉራጌ አካባቢ ይህ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በገጠር ኢትዮጵያ ስለሚጥል በሽታ ከተደረጉት የመጀመሪያ ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በቡታጅራ ዙሪያ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው 60,820 ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ቤት ለቤት ፈልገው 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አግኝተዋል፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ይኸው ቡድን ስለ ኅብረተሰቡ አመለካከት ባደረገው ጥናት በሽታው ከመንፈስ የሚመጣና የሚተላለፍ ነው የሚል እምነት በስፋት አግኝቷል። በዚህ እምነት የተነሣ የወደቀ ልጅ ሰው ሳይነካው እሳት ላይ ሊቃጠል ይችላል።

በኋላም በዚያው ዞን በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ፕራይም በተባለው መርሃ ግብር የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሚጥል በሽታን ለይተው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ከአንጎል ወባ ከተረፈ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ትኩሳት ሳይኖረው የሚወድቅ ልጅ ሊታይ የሚገባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሆስፒታሉ ሲያሰናብተው በሚሰጠው ወረቀት ላይ ራሱን ስቶ እንደነበርና ስንት ጊዜ እንዳንዘፈዘፈው ከተጻፈ፣ ከዓመት በኋላ የሚያየው ነርስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።